በፓወርሼል ኦብጀክት ውስጥ ስላሉ አሬዮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፓወርሼል በተባለው የትእዛዝና የስክሪፕት ቋንቋ $ሰነድ የሚባል ኦብጀክት (የተሰየሙ መስኮች ያሉት የመረጃ ጥቅል) አለን እንበል፤ ቀለማት የሚለው መስኩ ብዙ ዕሴቶችን በተርታ የሚይዝ አሬይ ነው። (ፓወርሼል ለተለዋዋጭ ስም የአማርኛ ፊደል ይቀበላል።) እንዲህ ባለ መስክ ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ብዙ ጊዜ ቀይ መልእክት እንኳ አያሳይም።

«አንድ ዕሴት ብቻ ቢኖረውም አሬይ ነው»

ከሁሉም የከፋው ግምት ይህ ነው። ቀለማትን የሚመልስ ፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል) ሁለት ሲያገኝ አሬይ ይሰጣል፤ አንድ ብቻ ሲያገኝ ግን ፓወርሼል አሬዩን አፍርሶ ተራ ጽሑፍ ያስረክባል። መስኩ ውስጥ የገባው «ቀይ» ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ዕሴት ፈልጋችሁ [0] ስትሉ «ቀ» የምትል ነጠላ ፊደል ትወጣለች። በ+= «ነጭ»ን ስትጨምሩ ደግሞ «ቀይነጭ» የሚል አንድ ጽሑፍ ይሆናል። ይባስ ብሎ ከስሪት 3 ጀምሮ የዕሴቶችን ብዛት የሚነግረው ካውንት ለነጠላ ዕሴትም 1 ስለሚመልስ፣ ቁጥሩን አይቶ የተረጋጋ ሰው ይታለላል። ስለዚህ ካውንትን አትመኑ፤ ትክክለኛውን ዓይነት የሚናገረው ጌትታይፕ ነው። መፍትሔው የፈንክሽኑን ጥሪ በ@( ) ውስጥ ማስገባት ነው፤ ውጤቱ ባዶም ሆነ ነጠላ፣ አሬይ ሆኖ ይቀመጣል።

«ስክሪኑ ላይ ያልታየው ጠፍቷል»

አልጠፋም። ፓወርሼል ስክሪን ላይ የሚያወጣው ሠንጠረዥ የመጀመሪያዎቹን አራት ዕሴቶች አሳይቶ ቀሪውን በነጠብጣብ ይተካዋል እንጂ መስኩን አይነካም።

«ስክሪኑ ላይ የታየው ፋይል ውስጥም ይገባል»

እዚህ ላይ ግን በእርግጥ ይጠፋል። ኦብጀክቶችን በሠንጠረዥ መልክ ወደ ፋይል የሚጽፈው ትእዛዝ ኤክስፖርት-ሲኤስቪ በቀለማቱ ፈንታ «ሲስተም.ኦብጀክት[]» የሚል የዓይነት ስም ይጽፋል። አስቀድሞ አሬዩን በጆይን ወደ አንድ ጽሑፍ ማያያዝ ያስፈልጋል። ጄሰን ወደተባለው የመረጃ መለዋወጫ ቅርጽ መቀየርም የራሱ ወጥመድ አለው፤ ጥልቀቱ (አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባው የመዋቅር ደረጃ) ካልተገለጸ ገደቡ 2 ስለሆነ ከዚያ በታች ያለው መዋቅር ወደ ጽሑፍ ይጨፈለቃል። ስሪት 5.1 ይህን የሚያደርገው በዝምታ ነው፤ ማስጠንቀቂያ የመጣው በ7.1 ነው።

«በድርብ ጥቅስ ውስጥ $ሰነድ.ቀለማት ብሎ መጻፍ ይበቃል»

አይበቃም፤ የሚተካው $ሰነድ ብቻ ሲሆን ነጥቡና «ቀለማት» እንዳሉ ይቀራሉ። $($ሰነድ.ቀለማት) ተብሎ ይጻፋል።

«ኦብጀክቱን ከገለበጥኩ አሬዩም ተገልብጧል»

ኮፒ የሚባለው ሜተድ (በኦብጀክቱ ላይ የሚጠራ ተግባር) የሚገለብጠው የላይኛውን ሽፋን ብቻ ነው፤ ሁለቱ ኦብጀክቶች አንድ አሬይ ይጋራሉ። በቅጂው ላይ [0]ን ብትቀይሩ ዋናውም ይቀየራል። ነገር ግን በቅጂው ላይ በ+= ዕሴት ብትጨምሩ ዋናው አይነካም፤ ምክንያቱም += ነባሩን አያሳድግም፣ አዲስ አሬይ ሠርቶ በመስኩ ይተካል። በ+= ብቻ ሞክሮ «ተለያይተዋል» የሚለው ሰው የሚሳሳተው ለዚህ ነው። መለየት ከተፈለገ የአሬዩን ክሎን (የራሱን ቅጂ) ወስዶ ለቅጂው መስክ መስጠት ነው፤ ዕሴቶቹ ራሳቸው ኦብጀክቶች ከሆኑ ግን ይህም አይበቃም፣ እያንዳንዱ ለየብቻው መገልበጥ አለበት።