የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሕግ ባለሙያ፦ በወሎ የሚባለውና ሕጉ የሚለው

በክልል መንግሥት መዋቅር ውስጥ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ላይ የሚሠራ ከፍተኛ የሕግ ባለሙያ፣ ቢሮው ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ወልዲያም ይሁን ሐይቅ፣ የሥራው ትልቁ ክፍል ሰው ስለ ሕጉ የሰማውን ማቃናት ነው። ባለጉዳዩ ዛሬም ቢሮውን «ሠራተኛና ማኅበራዊ» እያለ ይጠራዋል፤ በፌዴራል ደረጃ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ አደረጃጀቱ ቢለወጥም፣ የሚመጣው ቅሬታ ያው ስለሆነ በስሙ የሚከራከር የለም። ክርክሩ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይላል ወይም አይልም በሚባለው ላይ ነው።

«የመንግሥት የሕግ ባለሙያ የሠራተኛው ጠበቃ ነው»

አይደለም፤ ከሁሉም ይልቅ ቅያሜ የሚፈጥረውም ይህ ግምት ነው። ባለሙያው የተቀጠረው አዋጁ እንዲከበር ለማድረግ ነው። የኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ የሚፈራረሙት ውል) ለምዝገባ ሲቀርብ ከሕግ ጋር የሚጋጭ ነገር እንዳለበት ይመረምራል፣ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች የሕግ አስተያየት ይሰጣል፣ ሠራተኛም አሠሪም መጥቶ ሲጠይቅ ያስረዳል። ከሥራ መሰናበትን፣ ያልተከፈለ ደመወዝን ወይም የትርፍ ሰዓት ክፍያን የመሰለ የግል የሥራ ክርክር ግን የሚወሰነው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ችሎቱም ክሱ በቀረበለት በ60 ቀናት ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል፣ ሠራተኛውም የዳኝነት ገንዘብ አይጠየቅም። የወል የሥራ ክርክር፣ ማለትም ሠራተኞችን በጋራ የሚነካው፣ ደግሞ በአስማሚ በኩል አልፎ ካልተፈታ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። እንግዲህ «ደብዳቤ ጻፉልኝና ይመልሱኝ» የሚለው ጥያቄ፣ ጠያቂው ምንም ያህል ቢያሳዝን፣ ባለሙያው ሊፈጽመው የሚችለው አይደለም፤ ወደ ሥራ ይመለስ ብሎ የሚፈርደው ዳኛ ነው።

አሠሪዎችም በተራቸው «ቢሮው የሠራተኛ ወገን ነው» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ባለሙያው ሠራተኛውን «ይህ አይገባህም» ብሎ የሚመልስበት ቀን ጥቂት አይደለም፤ ለምሳሌ ድርጅቱን ሲመራ የኖረ ሥራ አስኪያጅ ሲሰናበት በዚህ አዋጅ ልከራከር ቢል፣ የሥራ መሪዎች ከአዋጁ ውጭ መሆናቸው ተነግሮት ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ይመራል።

«ሽማግሌ ከገባ ጊዜው አይቆጠርም»

አበጋር የሚባለው የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ ደም ሲያደርቅ በኖረበት አገር የደመወዝ ጭቅጭቅ በሽምግልና ቢያዝ የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ ብዙ ጊዜም ከችሎት ይልቅ በፍጥነት ይቋጫል። ጉዳቱ የሚመጣው ከይርጋ፣ ማለትም ክስ ማቅረቢያው ጊዜ ከማለፉ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ፣ የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ቀሪ ይሆናል። በሕጉ ይርጋን የሚያቋርጡት ጉዳዩን ለሚወስነው አካል የቀረበ ክስ፣ አዋጁን ለሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት የቀረበ አቤቱታ፣ ወይም ሌላው ወገን የተጠየቀውን መብት በጽሑፍ ማመኑ ናቸው። የሽማግሌ ቃል፣ በምርቃትና በዱዓ የታጀበ ቢሆን እንኳ፣ ከእነዚህ አንዱ አይደለም።

እንዲህ ያለው ነገር ሲደርስ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ያህል፣ ከሐርቡ የመጣች አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ በፌስታል ጠቅልላ ያመጣችውን ደብዳቤ እናንሳ። አንድ ገጽ ነው፤ «ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ የተሰናበቱ መሆኑን እናሳውቃለን» ይላል፣ ምክንያት የለውም፣ ክብ ማኅተም ከፊርማው ላይ አርፎበታል፣ ቀኑ የጥር መጀመሪያ ነው። ይዛው የመጣችው በግንቦት አጋማሽ ነው። «ጋሼ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር እኮ፤ ከፋሲካ በኋላ ትመለሻለሽ ብለውኝ ነው ዝም ያልኩት» ትላለች። ምክንያት ሳይገለጽ በተጻፈ ደብዳቤ ማሰናበት ለአሠሪው አደገኛ ስለሆነ ክርክሯ ጠንካራ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄዋን 3 ወሩ በልቶታል፣ የቀራት ስድስተኛው ወር ሳያልፍ የገንዘብ ጥያቄዋን ማቅረብ ነው።

ስለዚህ ሽማግሌ አትላኩ አይባልም። ሽማግሌ በሚላክበት ሳምንት የጽሑፍ አቤቱታም ለመሥሪያ ቤቱ ይግባ፤ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ሰጥቶ ማኅተም ያሳረፈበት ቅጂ በእጅ ይቅር። ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ አሠሪውን በቃል ከማስማል ይልቅ ሁለት መስመር አስጽፈው ቢያስፈርሙት ለሠራተኛው የበለጠ ይጠቅሙታል።

«ውል ያልፈረመ ሠራተኛ አይባልም»

የሥራ ውል በቃልም ይመሠረታል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ ጽሑፍ ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ግዴታ አለበት፤ ባይሰጥ ግዴታውን ያጓደለው እርሱ ነውና ሠራተኛው መብቱን አያጣም። በፔሮል ላይ ያለ ስም፣ የባንክ ማስተላለፊያ፣ የመግቢያ መታወቂያ፣ አብሮ የሠራ ሰው ምስክርነት ሁሉ ማስረጃ ነው። በየሦስት ወሩ እየታደሰ ለዓመታት የሚዘልቀው «ጊዜያዊ» ውልም ርእሱ እንደሚለው ላይሆን ይችላል፤ አዋጁ ለይቶ ከዘረዘራቸው ሁኔታዎች በቀር የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል።

የሙከራ ጊዜም እንደዚሁ በዘፈቀደ አይረዝምም። በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም።

«ተቆጣጣሪ የሚመጣው ሰው ሲከስስ ነው፤ ሲመጣም አስቀድሞ ይደውላል»

የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በሥራ ሰዓት ያለ ማስጠንቀቂያ ወደ ድርጅት መግባት ይችላል፤ ማንም ባይከስስም በዕቅድ ይመጣል። በሌላ በኩል ሠራተኞች «ስሜ ይወጣል» ብለው መጠቆም ይፈራሉ። ሕጉ እዚህ ላይ ጥብቅ ነው፦ ተቆጣጣሪው የጥቆማውን ምንጭ መግለጽ ብቻ ሳይሆን፣ የመጣው በጥቆማ መሆኑን ለአሠሪው ፍንጭ እንኳ መስጠት የለበትም። የሕግ ባለሙያው የቁጥጥር ሪፖርት ሲያይ ከሚያርማቸው ነገሮች አንዱ «በደረሰን ጥቆማ መሠረት» የምትለዋ ሐረግ ናት። ለጸሐፊው የደብዳቤ ወግ ብትመስለውም፣ ጠቋሚው አሥራ ሁለት ሠራተኛ ባለበት ወርክሾፕ ውስጥ ከሆነ ማን እንደሆነ በዚያው ቀን ይታወቃል።

«ጦርነቱ ውሉን አፍርሶታል»

ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ከደረሰ በኋላ ይህ አባባል እንደ ሕግ ሲነገር ቆይቷል። ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ቢያንስ 10 ተከታታይ ቀናት ሥራ ሲያስቆም፣ ከውሉ የሚመነጩት መብትና ግዴታዎች ለጊዜው ይታገዳሉ እንጂ ውሉ በራሱ አይቋረጥም። አሠሪው ምክንያቱ በደረሰ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቃል፣ መሥሪያ ቤቱ በቂ ምክንያት መኖሩን ይወስናል፣ እገዳውም ከ90 ቀናት አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራው ሊቀጥል አይችልም ተብሎ ከታመነ ሠራተኛው የስንብት ክፍያና ካሳ ይዞ ይሄዳል። ቢሮዎች ራሳቸው ተዘግተው በነበሩበት ወቅት የ3 ቀኑን ግዴታ በጥሬው መጠየቅ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ሰላም ከወረደ በኋላም ሳያሳውቅ፣ ሠራተኛውንም ሳይጠራ በዝምታ የቆየ አሠሪ ግን ጦርነቱን ምክንያት ማድረግ አይችልም።

«ፓርኩ የራሱ ሕግ አለው»

በ2009 ዓ.ም. ስለተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንዲህ ሲባል ይሰማል። በ2016 ዓ.ም. በልዩ የኢኮኖሚ ዞን አዋጅ የተተካው የኢንዱስትሪ ፓርክ አዋጅ ቁጥር 886/2007 የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ በፓርክ ውስጥም ተፈጻሚ መሆኑን ደንግጎ ነበር። ከዚሁ ጋር «ቢሮው ዝቅተኛ ደመወዝ ይወስንልን» የሚል ጥያቄ አብሮ ይመጣል፤ አዋጅ 1156/2011 ይህን የሰጠው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለሚቋቋም የደመወዝ ቦርድ ስለሆነ፣ የዞን የሕግ ባለሙያ በዚህ ላይ የሚፈርመው ነገር የለም።

«አምስት ቀን የቀረ ራሱን አሰናብቷል»

ይህን ይዘው የሚመጡት አሠሪዎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የሚያስታውሱት የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 377/1996 ነው፤ በዚያ አምስት ተከታታይ የሥራ ቀናት መቅረት ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብት ነበር። የአሁኑ ሕግ በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ይላል፤ ሆኖም ሠራተኛው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው የቀረ መሆን አለበት። ማስጠንቀቂያውም ቢኖር አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካላሰናበተ መብቱ ይቀርበታል፤ ሲያሰናብትም ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን በጽሑፍ መግለጽ ይኖርበታል። በበር ላይ ለጥበቃ «እንዳታስገባው» ብሎ መንገር ስንብት ነው፤ ያውም ሕገወጥ ስንብት፣ በፍርድም ወደ ሥራ መመለስን ወይም ካሳ መክፈልን የሚያስከትል።