«ሃያ አራት ስኮቶች በመታጠቂያው ሥር»፦ የአንድ አባባል ትርጉምና አመጣጥ

የስኮትላንድ ሰዎች ስለ ጎረቤታቸውና ስለ ጠላታቸው ስለ እንግሊዝ ሲናገሩ «እያንዳንዱ እንግሊዛዊ ቀስተኛ በመታጠቂያው ሥር ሃያ አራት ስኮቶችን ይዞ ይዞራል» ይሉ እንደ ነበር ተጽፏል። ነገሩ መጀመሪያ ሲሰሙት እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ፍቺው ግን ከቀስተኛው ወገብ ላይ ነው። በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ቀስተኛ ፍላጻ የሚታደለው በእስር ሲሆን አንድ እስር 24 ፍላጻ ነበር፤ ቀስተኛውም ይህንኑ ከጎኑ ሽጦ በመታጠቂያው አጥብቆ ይሰለፋል። እንግዲህ አባባሉ ከእነዚህ ፍላጻዎች አንዱም በከንቱ መሬት አይወድቅም፣ ሰውየው ገና ያልሞቱ 24 ሰዎችን ታጥቆ ቆሟል ማለቱ ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ሰውን «ከመታጠቂያ ሥር ማድረግ» ማለት በቁጥጥር ሥር ማዋል፣ መግዛት ማለትም ስለ ነበር አነጋገሩ ሁለት ፍቺ አለው፤ አንዱ ገዳይን፣ ሌላው ገዢን ያሳያል። በአማርኛም ትጥቅ የሚለው ቃል መቀነቱንም መሣሪያውንም አንድ አድርጎ ስለሚይዝ፣ አባባሉ ወደ እኛ ሲመጣ ብዙ የሚጎድልበት አይመስለኝም።

ቁጥሩ ለአነጋገር ማሳመሪያ የተመረጠ አይደለም። የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የጦር መርከብ ሜሪ ሮዝ በ1545 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከነጭፍራዋ ሰጥማ፣ ስብርባሪዋ ከዘመናት በኋላ ከባሕር ሥር ሲቆፈር ከ130 በላይ ቀስቶችና ከ3,500 በላይ ፍላጻዎች ተገኝተዋል። ከእነዚህም ጋር ክብ የቆዳ ቁራጮች ወጡ። እያንዳንዱ ቁራጭ 24 ቀዳዳዎች አሉት፤ በየቀዳዳው አንዳንድ ፍላጻ ይሰካል፣ በዚህም ፍላጻዎቹ እርስ በርስ ሳይተሻሹ፣ የጅራታቸውም ላባ ሳይጨፈለቅ ተለያይተው ይቀመጣሉ። የአባባሉ ሒሳብ ከዚህ ቆዳ ላይ ሊቆጠር ይችላል።

አባባሉን ጽፎ ያቆየልን ሮጀር አስካም የተባለ የካምብሪጅ መምህር ሲሆን፣ ይህ ሰው በኋላ የንግሥት ኤልሳቤጥ 1ኛ አስተማሪ ሆኗል። መርከቧ በሰጠመችበት በዚያው በ1545 ስለ ቀስት ውርወራ «ቶክሶፊለስ» የተሰኘ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ቴክስቶር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ስኮቶችን የተዋጣላቸው ቀስተኞች ብሎ ማወደሱ ያበሳጨው አስካም፣ ስኮቶች በራሳቸው የውጊያ ስልት ጎበዞች መሆናቸውን አይክድም፤ በቀስት ግን ምስጋናው የእንግሊዞች ብቻ እንደ ሆነ ይከራከርና ስኮቶቹም ራሳቸው ይህን ያምናሉ ብሎ የአገራቸውን ተረት በምስክርነት ይጠራል። አባባሉ የተገኘው በዚህ ሙግት መካከል መሆኑን አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል። እኛ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን፤ እዚህ ግን የተወጋው ተናገረው የተባለውን መዝግቦ ያስቀረው ወጊው ነው፣ ያውም ክርክር ለመርታት። ይህ ጥርጣሬ እንዳለ ሆኖ፣ ስኮቶች እንዲህ ያለ መራራ ቀልድ የሚያስቀልድ ነገር እንዳላዩ ማንም ሊናገር አይችልም። ከሁሉም አስቀድሞ የሚጠቀሰው የደፕሊን ሙር ውጊያ ነው።

በ1332 የስኮትላንድ ንጉሥ ዴቪድ 2ኛ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። የቀድሞው እንደራሴ በሐምሌ ወር ሞቶ ማር የተባለው ግዛት ባላባት ዶናልድ በቦታው በተሾመ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ የቀድሞ ንጉሥ ልጅ የሆነው ኤድዋርድ ባሊዮል ዙፋኑ የእኔ ነው በማለት፣ በስኮትላንድ የነበራቸውን ርስት ከተነጠቁ የእንግሊዝ መኳንንት ጋር በባሕር መጣ። ጠቅላላ ሠራዊቱ 1,500 ያህል ሲሆን የሚበዛው ቀስተኛ ነበር። የዘመኑ ዜና መዋዕሎች የስኮቶቹን ጦር 30,000 እና 40,000 ያደርሱታል፤ ይህ መጋነኑ ባያጠራጥርም ከመጤዎቹ በእጅጉ ይበልጥ እንደ ነበር ግን ሁሉም ይስማማሉ።

ባሊዮልና ሰዎቹ በፐርዝ አጠገብ የሚፈሰውን የኧርን ወንዝ በመልካው በኩል በሌሊት ተሻገሩ። በጨለማ የወረዱበትን ሰፈር አርደው ዋናውን ጦር የፈጁ ስለ መሰላቸው ተደሰቱ፤ ነሐሴ 11 ቀን ሲነጋ ግን ያልተነካው ታላቅ ሠራዊት ሰንደቁን አንግቦ ሲመጣ አዩ። ያኔ ባለ ጥሩሮቹ (የብረት ልብስ የለበሱት ተዋጊዎች) ከፈረስ ወርደው በጠባቡ መተላለፊያ መካከል ቆሙ፤ ቀስተኞቹም በግራና በቀኝ ክንፍ ሆነው ወደ ፊት ቀደም አሉ።

በስኮቶች ወገን ደግሞ የታላቁ ንጉሥ የሮበርት ብሩስ ዲቃላ ልጅ፣ እሱም ሮበርት የሚባለው፣ እንደራሴውን ከባሊዮል ጋር በምስጢር ተዋውለሃል ብሎ በአደባባይ ከሰሰው። እንደራሴው ታማኝነቱን ለማሳየት ጠላትን ቀድሜ የምመታ እኔ ነኝ አለ፤ ሁለቱም ጭፍሮቻቸውን እየነዱ ተሽቀዳደሙ። ቀድሞ የደረሰው የብሩስ ጭፍራ እንግሊዞቹን ጥቂት ወደ ኋላ ገፋቸው፤ እነሱም የተቀሰረውን ጦር ለደረታቸው ከመስጠት ትከሻቸውን አዙረው ጸኑ። ከግራና ከቀኝ ፍላጻ ሲወርድባቸው ዳርና ዳሩን ይዘው የነበሩት ስኮቶች ወደ መሐል ተጨናነቁ፤ በዚያው ቅጽበት የእንደራሴው ጭፍራ ከኋላ ደርሶ በገዛ ወገኑ ላይ ተጫነ። የወደቀው መነሣት አልቻለም፣ የቆመው እጁን ማንሣት አልቻለም፣ ከኋላ ያለውም የፊቱን ሳያይ መግፋቱን አላቆመም። ዜና መዋዕሎቹ በመሣሪያ ከሞተው ታፍኖ የሞተው ይበልጥ እንደ ነበር፣ የሬሳውም ክምር ቁመት ከአንድ ጦር እንዳለፈ ይተርካሉ። እንደራሴው ዶናልድም ብሩስም እዚያው ቀሩ። ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ባለ ጥሩሮች 35 ያህል ሲሆኑ ከቀስተኞቹ አንድ እንኳ አልሞተም ተብሏል።

በዓመቱ፣ በሐምሌ 1333፣ ኤድዋርድ 3ኛ ራሱ በቤሪክ አጠገብ በሃሊደን ኮረብታ ላይ ይህንኑ አሰላለፍ ደገመው፤ ስኮቶቹ ረግረጉን ተሻግረው ዳገቱን ሲወጡ ጠበቃቸው። የላነርኮስት ዜና መዋዕል እንደሚለው ፊት ፊት ይሄዱ የነበሩት ልክ በደፕሊን እንደሆነው ፊታቸው እየቆሰለ፣ ከፍላጻው ብዛት እየታወሩ፣ ራሳቸውን መርዳት አቅቷቸው ፊታቸውን ማዞርና መውደቅ ጀመሩ። በ1402 በሆሚልደን ኮረብታ ድሉ ከሞላ ጎደል የቀስተኞቹ ብቻ ነበር። ከነዚህ በኋላ የፍላጻን እስር በስኮት ሬሳ መቁጠር ብዙ ማጋነን አልነበረም።

ይሁን እንጂ ሒሳቡ ከፈረሰኛ የተጠበቀ፣ ስፍራውን በደኅና የመረጠ ቀስተኛን ብቻ የሚያይ ነው። በ1314 በባነክበርን ጥቂት የስኮት ፈረሰኞች ከጎን ደርሰው የእንግሊዝን ቀስተኞች በትነዋቸው ነበርና፣ በዚያ ቀን በመታጠቂያ የተያዘው እስር ለባለቤቱም አልሆነው። ደግሞም የሠለጠነ ቀስተኛ በደቂቃ ዐሥር ፍላጻ መላክ ስለሚችል 24ቱ ሦስት ደቂቃ አይቆዩም፤ በደፕሊንም ብዙውን የገደለው ፍላጻው ያስከተለው መጨናነቅ እንጂ ፍላጻው ራሱ አልነበረም።

የስኮትላንድ ነገሥታት መድኃኒቱን በአዋጅ ፈለጉት። በእንግሊዝ 18 ዓመት ታስሮ የተመለሰው ጄምስ 1ኛ በ1424 በፐርዝ በተሰበሰበው ፓርላማ ወንድ ሁሉ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ቀስት እንዲለማመድ ደነገገ፣ እግር ኳስንም ከለከለ። አስካም ይህን ሕግ ያውቀዋል፤ አገር መውደዱም፣ ጠላት መፍራቱም፣ ቅጣቱም ስኮቶችን ቀስተኛ አላደረጋቸውም እያለ ይሳለቃል። በ1457 ጄምስ 2ኛ ክልከላውን ሲያድስ ከእግር ኳስ ጎን ሌላ ጨዋታ ጨመረበት። ያ አዋጅ ዛሬ የሚታወሰው በቀስት ምክንያት አይደለም፤ የጎልፍ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ተጽፎ የተገኘበት ሰነድ ስለ ሆነ ነው።