«ተሽሎሃል እኮ፣ መድኃኒቱን ተወው» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ስለ አእምሮ ሕመም የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ «ሐኪም ያማክሩ» ብሎ ያበቃል። ካማከሩ በኋላ ስላለው ኑሮ የሚያወራው ግን ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 ከ8 ሰው አንዱ፣ በድምሩ 970 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ፣ ከአንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ጋር ይኖር ነበር። ከሁሉም የበዙት ጭንቀትና ድባቴ ያለባቸው ናቸው። ሕክምና ያገኙት ጠዋት ተነሥተው ሥራ ይገባሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ዕዳ ይከፍላሉ፤ በዚህ መሀል ከዘመድም ከወዳጅም በቅንነት የተሰጠ የተሳሳተ ምክር ይደርሳቸዋል። እዚህ ያነሣኋቸው እንዲህ ያሉትን፣ ሰው መታከም ከጀመረ በኋላ የሚጎዱትን ነው።

«ተሽሎሃል እኮ፣ መድኃኒቱን ተወው»

በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋችው ይህች ናት። የድባቴ መድኃኒት ዛሬ ተውጦ ዛሬ አይሠራም። ለውጡ መታየት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ሙሉ ጥቅሙ እስኪታይ 6 ወይም 8 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ማቅለሽለሹ፣ ራስ ምታቱና የእንቅልፍ መዛባቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተፍ ይላል። ታማሚው ጥቅሙን ሳያይ ጉዳቱን ብቻ የሚቀምስበት ጊዜ ነውና ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቋርጣል። ይህን አስቀድሞ የነገረው ሐኪም ያለው ሰው ዕድለኛ ነው።

ሁለተኛው የማቋረጫ ወቅት የሚመጣው ደግሞ ደስ ብሎ ነው። እንቅልፍ ተስተካከለ፣ ምግብ ጣመ፣ ከሰው ጋር መጫወት ተቻለ፤ ክኒኑ ትርፍ ነገር መሰለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ የመከረው ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላም መድኃኒቱን ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠልን ነው። ደጋግሞ ላገረሸበት ሰው ሐኪሙ ከዚህም ሊያስረዝመው ይችላል። ምልክቱ መጥፋቱ ሕመሙ ጓዙን ጠቅልሎ ለመሄዱ ማረጋገጫ አይደለም፤ ቶሎ ያቋረጠ ሰው ላይ የማገርሸት ዕድሉ ከፍ ይላል።

ማቆሙም ሥርዓት አለው። በድንገት ሲቋረጥ ማዞር፣ ብስጭት፣ ቁልጭ ያለ ሕልም፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ የነዘረ የሚመስል ስሜት ይመጣል፤ ዓይን ወደ ጎን ሲዞር ውልብ ብሎ ያልፋል። ከሰውነት ቶሎ የሚወጡት ፓሮክሰቲንና ቬንላፋክሲን በዚህ የታወቁ ናቸው፤ ቀስ ብሎ በሚወጣው ፍሉኦክሰቲን ግን እምብዛም አይታይም። ይህ የደረሰበት ሰው ወይ «አገረሸብኝ» ይላል፣ ወይ «ለካ ሱስ ሆኖብኝ ነበር» ይላል። ሁለቱም ላይሆን ይችላል። መፍትሔው ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ መጠኑን በሳምንታት፣ ካስፈለገም በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ መቀነስ ነው።

«የአእምሮ መድኃኒት ሁሉ ሱስ ነው»

ችግሩ «ሁሉ» የምትለዋ ላይ ነው። የድባቴ መድኃኒቶች ጨምሩልኝ የሚያሰኝ አምሮት አያመጡም። ጭንቀትን ቶሎ የሚያረጋጉት ዲያዜፓምና የእሱ ወገን የሆኑት ግን ሌላ ናቸው። ሰውነት በሳምንታት ውስጥ ይለምዳቸዋል፣ ያንኑ እርጋታ ለማግኘት መጠኑ መጨመር ይጀምራል፣ ለረዥም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቆም ደግሞ አንቀጥቅጦ እስከ መጣል ይደርሳል። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ የሚያዙት ለዚህ ነው። የሚገርመው ሰው የሚፈራው የመጀመሪያዎቹን ነው፤ ዲያዜፓሙን ግን ቶሎ ስለሚያረጋጋ ለሌላ ሰው ከታዘዘው ላይ ተካፍሎ ይውጣል።

«ለእንቅልፍ» ተብሎ የሚጠጣ አልኮልም ከዚሁ ይመደባል። ቶሎ ያስተኛል፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ያባንናል፤ የማግስቱ ጭንቀትም ከትናንቱ ይብሳል።

«መድኃኒቱ ያደነዝዛል፣ ማንነትን ይቀይራል»

በዚህኛው ቅሬታ ውስጥ እውነት አለ፤ ስሕተቱ መፍትሔ የለውም ማለቱ ላይ ነው። ስሜቱ የደነዘዘበት፣ ክብደቱ የጨመረ ወይም የወሲብ ፍላጎቱ የጠፋ ሰው መድኃኒቱን በድብቅ ከመጣሉ በፊት ይህንኑ ለሐኪሙ መናገር ይችላል። መጠን ይቀነሳል፣ ሰዓት ይቀየራል፣ ሌላ መድኃኒት ይሞከራል። በተለይ የወሲቡን ነገር ታማሚው ያፍራል፣ ሐኪሙም ብዙ ጊዜ አይጠይቅም፤ ሁለቱም ዝም ሲሉ ክኒኑ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት ከልክ ባለፈ ደስታና ጉልበት (ማኒያ) እና በድባቴ መካከል የሚዋዥቅበት ሕመም፣ ላለበት ሰው ነገሩ ይወሳሰባል፤ የማኒያው መጀመሪያ ላይ ያለው ጉልበትና ደስታ ይጥማልና መረጋጋቱ ራሱ እንደ ኪሳራ ይታየዋል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ እ.ኤ.አ. በ1949 ለማኒያ ስለሚሰጠው ሊትየም ከጻፈ ወዲህ ብዙ አዳዲስ መድኃኒቶች ቢመጡም ሊትየም እስከ ዛሬ ቦታውን አልለቀቀም፤ ራስን የማጥፋት አደጋን በመቀነስም ይታወቃል። ሆኖም በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን በየጊዜው የሚለካው ለዚህ ነው፤ ኩላሊትንና የእንቅርት ዕጢን ሊጎዳ ስለሚችል እነሱም ይመረመራሉ። ከባድ ተቅማጥ ወይም ትውከት መጠኑን ወደ አደገኛ ደረጃ ሊያደርሰው ይችላል፤ ለጉልበት ሕመም ተብሎ የሚገዛ ኢቡፕሮፌንም እንዲሁ። ፋርማሲስቱ ሳይጠይቅ ሊትየም እንደሚወስዱ ቀድሞ መናገር ይበጃል።

«መጀመሪያ ስሜቱ ይምጣልኝ፣ ከዚያ እነሣለሁ»

ይህችኛዋ የታማሚው የራሱ ናት። ድባቴ የሚወስደው ፍላጎትን ነውና ፍላጎት እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል። በሥነ ልቦና ሕክምና ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ ድርጊቱ ይቀድማል፣ ስሜቱ ይከተላል። ድርጊቱ ግን ለማሳቅ እስኪደርስ ማነስ አለበት። «ከነገ ጀምሮ ስፖርት እሠራለሁ» ትልቅ ነው። እግርን ከአልጋ አውርዶ ወለሉን መርገጥ፣ መጋረጃውን መግለጥ፣ አንድ ብርጭቆ ማጠብ፤ የቀረው ዕቃ ይደር። ከዚያ ብጣሽ ወረቀት ላይ ሰዓቱን፣ የተሠራውንና ስሜቱ ከ10 ስንት እንደሆነ መጻፍ። «ማክሰኞ 4 ሰዓት፣ ብርጭቆ፣ 2። 10 ሰዓት፣ ከእህቴ ጋር በስልክ፣ 4።» ድባቴ «ሁሌም አንድ ነኝ» ያሰኛል፤ ወረቀቱ ላይ ግን 2 እና 4 አሉ፣ 4ቷ ምን ሲሠራ እንደመጣችም ተጽፏል።

«ጠንከር በል» የሚሉ ወዳጆች ይህን ቢያነቡ ጥሩ ነበር። እነሱ የሚጠይቁት የሌለውን ጉልበት ነው። «መጣሁ፣ በር ላይ ነኝ፣ ጫማህን ብቻ አድርግ» ማለት ይሻላል።

«የሚያስጨንቅህን ሽሸው»

የሚደበድብ ሰው ካለበት ቤት መሸሽ ተገቢ ነው። አውቶቡስን፣ ሊፍትን፣ ሰው የተሰበሰበበትን ቦታ መሸሽ ግን ጭንቀትን ያሳድጋል። ድንገተኛው የፍርሃት ማዕበል፣ ብዙዎች ፓኒክ የሚሉት፣ ልብ እየደለቀ፣ ትንፋሽ እያጠረ፣ «ሞትኩ» እያሰኘ ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። ጫፉ ላይ ሳለ ከአውቶቡሱ የወረደ ሰው «የዳንኩት ስለወረድኩ ነው» ብሎ ይማራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ፌርማታውም ያስፈራዋል። ሕክምናው በእርከን መመለስ ነው፤ አንድ ፌርማታ ከጓደኛ ጋር፣ ከዚያ ብቻ፣ ከዚያ ሁለት። የደረት ሕመሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ከሆነ ግን አስቀድሞ ልብን መመርመር ይገባል።

«አገረሸብኝ፤ ያ ሁሉ ሕክምና ከንቱ ነበር»

ማገርሸት ብዙ ጊዜ ቀድሞ ምልክት ይሰጣል፣ ምልክቱም ከሰው ሰው ይለያያል። ጤነኛ በሆኑበት ሰሞን ከአንድ የቅርብ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ አንድ ገጽ መጻፍ ትልቅ ነገር ነው። «ሌሊት 9 ሰዓት ተነሥቼ ቁም ሳጥን ማስተካከል ከጀመርኩ፣ ሳይደክመኝ ሁለት ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ ከተኛሁ፣ ስልክ ማንሣት ከተውኩ፦ ለሐኪሜ ደውሉ። ቁልፍና የባንክ ካርዴን እህቴ ትያዝ።» ባይፖላር ላይ የእንቅልፍ መቀነስ ከቀዳሚ ምልክቶች አንዱ ስለሆነ ቤተሰብ ከሁሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት ሰዓት ተኛህ?» ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ያለው ሰው ሲያገረሽበት ከዜሮ አይጀምርም።

«ራስን ስለማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባል»

አያስገባም። ጥናቶች መጠየቁ አደጋውን እንደማይጨምር ያሳያሉ፤ ለብዙዎችም እፎይታ ነው። ጥያቄው አይጠማዘዝ፦ «ራስሽን ስለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» መልሱ «አዎ» ከሆነ አትደንግጡ፣ አትስበኩ፤ ብቻዋን አትተዉአት፣ ልትጎዳበት የምትችለውን ነገር ከአጠገቧ አርቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዷት።

«የአእምሮ ታማሚ አደገኛ ነው»

አብዛኞቹ ማንንም አይነኩም፤ እንዲያውም ጥቃት ከሚያደርሱበት ይልቅ የሚደርስባቸው ይበዛል።

«የሚያመው አካሉ አይደለም፣ ከአእምሮው ነው»

ሰው የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ከታወቀ በኋላ ሆዴን ሲልም፣ ደረቴን ሲልም የሚሰማው ያጣል። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ በአማካይ ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ፤ ብዙውን ጊዜም መከላከል በሚቻል የአካል በሽታ። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚታዘዙት እንደ ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን ያሉ መድኃኒቶች ክብደትንና የደም ስኳርን ይጨምራሉ። በሌላ በኩል የእንቅርት ዕጢ መቀዝቀዝ፣ የደም ማነስና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ድባቴን ይመስላሉ፣ ያለውንም ያባብሳሉ። ስለዚህ የአእምሮ ሐኪም ቀጠሮ ላይ ክብደት፣ የደም ግፊትና ስኳር እንዲለካ መጠየቅ ድፍረት ተደርጎ መታየት የለበትም። ታማሚው ለመናገር አቅም ካጣ አብሮት የሄደው ሰው ይጠይቅለት፤ የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን በአንድ ወረቀት ጽፎ ቢይዝም ለሐኪሙ ሥራ ያቀልለታል።