«ማሽኑ ነፃ ነው ብሏል» እያላችሁ አታድክሙኝ

«ዶክተር፣ ኤምአርአይ ተነስቷል፣ ኢኢጂም ተሠርቷል፤ ነፃ ነው ተባልን። ታዲያ ልጁ ለምን ይወድቃል?»

ባሕር ዳር ላይ ይህን ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። ፊልሙን በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። ልጁ ሲወድቅ ያየችው እህቱ ግን ቤት ቀርታለች! እኔ የምፈልገው እሷን ነበር።

የሚጥል በሽታን ማሽን ብቻውን አይለይም። ኢኢጂ የሚመዘግበው ሽቦው ጭንቅላት ላይ ባለበት ሰዓት ያለውን የአንጎል ኤሌክትሪክ ነው። ያኔ አንጎሉ ሰላም ከሆነ ወረቀቱም ንጹሕ ይወጣል፣ በሽታው ግን አለ። ወድቆ የማያውቅ ሰው ላይ ደግሞ የተዛባ ነገር ሊታይ ይችላል። ኤምአርአይ የአንጎልን ምስል አንስቶ ጠባሳ ወይም ዕጢ ካለ ያሳያል፤ ብዙ ታማሚዎች ላይ ምንም አያሳይም።

ዓይነቱን የሚለየው ያየ ሰው ሲናገርና የለመደ ሐኪም ሲያዳምጥ ነው። ቀድሞ የተንቀጠቀጠው የትኛው እጅ ነው? አንገቱ ወዴት ዞረ? ሲነቃ ወዲያው አወራ ወይስ ተደናገረ? በአንድ እጅ ጀምሮ ከተዛመተ መነሻው የአንጎል አንድ ክፍል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ አመዳደብም መጀመሪያ የሚጠይቀው መነሻውን ነው።

አንዲት ወጣት ከዘጌ በኩል መጣች። ኢኢጂዋ ንጹሕ። ካርባማዜፒን የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት እየዋጠች ብሶባታል። እናቷን «ጠዋት ጠዋትስ እንዴት ናት?» አልኳቸው። «ኧረ ዝንጉ ናት ልጄ፣ ቡና ስታቀርብ ሲኒው ከእጇ ይፈናጠራል» አሉኝ። በቃ! እጇን የሚነጥቃት ያው በሽታው ነው፤ ይህን ዓይነቱን ደግሞ ካርባማዜፒን ሊያባብሰው ይችላል። መድኃኒቷ ተቀየረ፣ ሲኒውም ተረፈ።

እርግጥ ሐኪሞችም አንድ ቪዲዮ አይተው በሐሳብ የሚለያዩበት ጊዜ አለ። ኢኢጂ በተለይ የሚጠቅመው ያኔ ነው፣ ከታሪኩ ጋር ሲነበብ።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ካልወደቀ በሽታው የለም? አለ፤ ክፍል ውስጥ ለሰከንዶች ፈዝዞ የሚመለስ ልጅ ሰነፍ ላይሆን ይችላል። የተንቀጠቀጠ ሁሉ የሚጥል በሽታ አለበት? የለበትም፤ ጥምቀት ላይ ፀሐይ መትቶት ራሱን የሳተም ለአፍታ ይንቀጠቀጣል። ክብሪት ማሽተት አይጠቅምም። አፉ ውስጥ የሚከተት ማንኪያ ጥርስ ይሰብራል። ለሃጩ በሽታውን አያስተላልፍም። ጠበሉን ተጠመቁ፣ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ።

ደግሞ ስልክ አላችሁ አይደል? ሲወድቅ በጎኑ አስተኙትና አንዱ ይቅረጸው፤ ፊቱም እጅና እግሩም ይታይ፣ ዓይኑ ተከፍቶ እንደሆነም አስተውሉ። ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ ቀረጻው ይቅርና ባጃጅም ቢሆን ጠርታችሁ ሆስፒታል አድርሱት። ጣና ላይ ዓሣ የሚያጠምድ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ታንኳ ላይ ብቻውን አይውጣ።