ማሊንጺን፦ የሜክሲኮ ወረራ አስተርጓሚ በታሪክና በልብ ወለድ

ማሊንጺን ስፔናውያን ሜክሲኮን በወረሩበት ዘመን የወራሪዎቹ መሪ የኤርናን ኮርቴስ አስተርጓሚ የነበረች የአገሬው ተወላጅ ሴት ናት። ስፔናውያን ዶኛ ማሪና ይሏት ነበር፤ ዛሬ በሰፊው የምትታወቀው ግን ማሊንቼ በሚለው ስም ነው። ከወረራው ዘመን ሴቶች መካከል የእርሷን ያህል ደራሲዎችን ሲያመላልስ የኖረ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል። ከ1519 እስከ 1521 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኮርቴስና የሜሺካ (አዝቴክ በሚል ስም የሚታወቀው ሕዝብ) መሳፍንት የተነጋገሩት በእርሷ አንደበት ነው። ከራሷ እጅ ወይም ቃል የተጻፈ አንድም ደብዳቤ ግን አልተረፈም። ልብ ወለዱ ሁሉ የሚበቅለው ከዚህ ዝምታ ላይ ነው።

የተወለደችው በ1500 አካባቢ፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በኮአትዛኮአልኮስ ግዛት እንደሆነ ይገመታል። ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይታወቅም። ብዙ ልብ ወለዶች «ማሊናሊ» ይሏታል፤ ነገር ግን ስሙ በዘመኗ በተጻፉ ሰነዶች ላይ አይገኝም። በክርስትና ስሟ ማሪና ተባለች። የሜሺካዎችና የብዙ ጎረቤቶቻቸው ቋንቋ የሆነው የናዋትል ተናጋሪዎች በቋንቋቸው «ር» የሚል ድምፅ ስለሌለ ማሊና አሏት፤ ከዚያም በላዩ ላይ የአክብሮት ቅጥያ የሆነውን «ጺን» ጨመሩበት። ቅጥያው እኛ ሰውን አንቱ ስንል የምንሰጠውን ዓይነት ክብር ያዘለ ነው። ስፔናውያን ደግሞ ይህንኑ ስም በአፋቸው እንደመጣላቸው ማሊንቼ አደረጉት። አብዛኞቹ የኮርቴስ ወታደሮች ራሳቸው «ዶን» ለመባል ባልበቁበት ጊዜ እርሷ «ዶኛ» ትባል ነበር። ባሪያ ሆና የተሰጠች ልጅ በሁለቱም ወገን በማዕረግ መጠራቷን ያህል ስለ ቦታዋ የሚናገር ማስረጃ ያለ አይመስለኝም።

ባሪያ ነበረች። በመጋቢት 1519 የታባስኮ ማያዎች በሴንትላ ጦርነት ሲሸነፉ ለኮርቴስ እጅ መንሻ አቀረቡ፤ ወርቅ፣ ጨርቅና 20 ሴቶች። ከሃያዎቹ አንዷ እርሷ ነበረች። ኮርቴስ መጀመሪያ አሎንሶ ኤርናንዴዝ ፖርቶካሬሮ ለተባለ ባልንጀራው ሰጣት። ማንም ፈቃዷን አልጠየቀም። ስለ እርሷ የሚጻፍ የፍቅር ታሪክ ሁሉ ከዚህ እውነት መነሳት ነበረበት፤ ብዙዎቹ ግን ሳያዩት ያልፋሉ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ መርከቦቹ ሳን ሁዋን ዴ ኡሉዋ ሲደርሱ የሜሺካው ገዢ የሞክቴዙማ መልእክተኞች መጡ። ኮርቴስ ሄሮኒሞ ደ አጊላር የሚባል አስተርጓሚ ነበረው። አጊላር በ1511 መርከቡ ሰምጦ ለዓመታት በማያዎች መካከል የኖረ ስፔናዊ ነው። እርሱ የሚያውቀው ማያ ነበር፤ እንግዶቹ የሚናገሩት ደግሞ ናዋትል። ያች በእጅ መንሻነት የመጣች ልጅ ሁለቱንም ቋንቋዎች ታውቅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንግግሩ በሦስት አፍ ይሄድ ጀመር፤ ኮርቴስ በስፔንኛ ለአጊላር፣ አጊላር በማያ ለማሊንጺን፣ እርሷ በናዋትል ለመልእክተኞቹ። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ብዙም ሳይቆይ ስፔንኛውን ለመደችና አጊላር አላስፈላጊ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ፖርቶካሬሮ ወደ ስፔን ሲላክ ኮርቴስ ለራሱ አስቀራት።

ስፔናውያን አስተርጓሚን «ምላስ» ይሉት ነበር። ኮርቴስም ለስፔን ንጉሥ በጻፈው ሁለተኛ ደብዳቤ የጠቀሳት ምላሱ የሆነች የአገሩ ተወላጅ ሴት ብሎ ነው፤ ስሟን የጻፈው ኋላ በአምስተኛው ደብዳቤ ነው። በሜሺካ ዘንድ ደግሞ የገዢው ማዕረግ «ትላቶአኒ» ሲሆን ትርጉሙ «የሚናገር» ማለት ነው። አፈ ንጉሥ የሚል ሹመት ለሚያውቅ አንባቢ የነገሩ ክብደት አይጠፋውም። ገዢ ማለት ተናጋሪ በሆነበት አገር፣ በገዢዎች ፊት የምትናገረው እርሷ ነበረች።

የሥራዋን ክብደት ለማየት ኅዳር 8 ቀን 1519 በሜሺካ ዋና ከተማ በቴኖችቲትላን መግቢያ የሆነውን መመልከት ይበቃል። ናዋትላውያን በኋላ ባስጻፉት ትረካ ሞክቴዙማ ኮርቴስን የተቀበለው ደክሞሃል፣ ወደ ከተማህ መጥተሃል፣ ወደ ቤተ መንግሥትህ ገብተህ እረፍ በሚል ንግግር ነው። ኮርቴስ ለንጉሡ ሲጽፍ ይህንን አቀባበል አገር እንደማስረከብ አድርጎ አቀረበው። የዘመናችን የታሪክ ተመራማሪዎች ግን የናዋትል የመሳፍንት ንግግር ራስን ዝቅ፣ እንግዳን ከፍ የሚያደርግ የትሕትና ቋንቋ እንደነበረ ያስረዳሉ። «ቤቱ የእርስዎ ነው» ብሎ እንግዳ የሚቀበል ሰው የቤቱን ካርታ እያስረከበ እንዳልሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ ማብራራት አያስፈልግም። ያንን ትሕትና ከናዋትል አውጥታ ለስፔናውያን ያሻገረችው ማሊንጺን ናት። ምን ብላ አሻገረችው? ለአንድ ልብ ወለድ ከዚህ የበለጠ ትዕይንት አላውቅም።

ስለ እርሷ በሰፊው የጻፈው የኮርቴስ ወታደር የነበረው በርናል ዲያዝ ዴል ካስቲዮ ነው። በሽምግልናው የጻፈው ትዝታ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1632 ነው። እርሱ እንደሚለው ማሊንጺን የባላባት ልጅ ነበረች፤ አባቷ ሲሞት እናቷ ሌላ ባል አግብታ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ርስቱ ለልጁ እንዲሆን ብለው ሴቷን በሌሊት ለሺካላንጎ ሰዎች ሰጡና ሞተች ብለው አስወሩ። በ1524 ኮርቴስ ወደ ሆንዱራስ ሲዘምት እግረ መንገዷን ከእናቷና ከወንድሟ ጋር ተገናኘች። በፍርሃት ሲያለቅሱ ይቅር ብላ ስጦታ ሰጥታ አሰናበተቻቸው። ዲያዝ ራሱ ይህ የዮሴፍና የወንድሞቹን ታሪክ ይመስላል ይላል። እንግዲህ ሕይወቷ የትረካ ቅርጽ መያዝ የጀመረው ገና ያኔ ነው፤ ደራሲዎች ከመምጣታቸው ሁለት መቶ ዓመታት በፊት።

ሜክሲኮ በ1821 ከስፔን ነጻ ስትወጣ የእርሷ ምስል ጠቆረ። በ1826 በፊላደልፊያ ያለ ደራሲ ስም በስፔንኛ የታተመ ታሪካዊ ልብ ወለድ ስፔናውያንን የተቃወመውን የትላክስካላ (የሜሺካ ባላንጣ የነበረች ግዛት) የጦር አለቃ ጀግና፣ ማሪናን ደግሞ ተንኮለኛ አድርጎ ሣላት። አዲሱ አገር ከዳተኛ ፈለገ፤ አገኘም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን «ማሊንቺስታ» የሚለው ቃል የራሱን ንቆ የባዕዱን የሚያመልክ ሰው መስደቢያ ሆነ። ሠዓሊው ሆሴ ክሌመንቴ ኦሮዝኮ በ1926 በሜክሲኮ ከተማ በሳን ኢልዴፎንሶ ኮሌጅ ግድግዳ ላይ ኮርቴስንና እርሷን ራቁታቸውን እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀምጠው፣ ከእግራቸው ሥር አንድ የአገሬው ሰው ተዘርሮ ሣላቸው። የኮርቴስ ክንድ በፊቷ ተዘርግቷል፤ እየያዛት ይሁን እየከለከላት ተመልካቹ ይፈርዳል።

የክህደቱ ክስ ግን በታሪክ ፊት አይቆምም። ያኔ ሜክሲኮ የሚባል አገር አልነበረም። የሜሺካ ሰዎች ወገኖቿ አልነበሩም፤ ቴኖችቲትላንን ከስፔናውያን ጋር ሆነው የወጉት የትላክስካላና የሌሎች ከተሞች ተዋጊዎች ቁጥራቸው ከስፔናውያኑ እጅግ ይበልጥ ነበር። በልጅነቷ የተሸጠች ሴት ማንን ከዳች? ከ1970ዎቹ ወዲህ የሜክሲኮና በአሜሪካ የሚኖሩ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ሴት ጸሐፊዎች ይህንን ጥያቄ ደጋግመው አንስተዋል፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ልብ ወለዶችም ታሪኩን በእርሷ ዓይን ለማየት ሞክረዋል። አንዳንዶቹ ግን ከሰይጣንነት ወደ ቅድስና ወስደዋት፣ የሕዝብ ሁሉ እናት አድርገዋት አረፉ። በእኔ አመለካከት ይህም ሌላ ዝም ማሰኛ ነው። የቾሉላ ከተማ ነዋሪዎች በጥቅምት 1519 በስፔናውያን ሲጨፈጨፉ፣ ነዋሪዎቹ አሲረዋል የሚለውን ወሬ ለኮርቴስ ያደረሰችው እርሷ እንደነበረች ስፔናውያን ጽፈዋል። ጥሩ ደራሲ ይህንን ገጽ አይዘልም።

ከቃል ይልቅ ሥዕል ይበልጥ ያቀርባታል። በ1550ዎቹ ገደማ በትላክስካላ በተሣለው ታላቅ የጨርቅ ሥዕል (ዛሬ በግልባጮቹ የሚታወቀው) ማሊንጺን ረጅሙን የሴቶች ቀሚስ ለብሳ በባለሥልጣናት መካከል ትቆማለች፤ ጣቷን ዘርግታ ትናገራለች። በሌላ የናዋትላውያን መጽሐፍ ደግሞ የጣሪያ ጫፍ ላይ ወጥታ ስፔናውያን ደክመዋልና ምግብና ውኃ አምጡ እያለች ወደ ታች ስትጣራ እናያለን።

በ1522 ከኮርቴስ ማርቲን የተባለ ወንድ ልጅ ወለደች። በ1524 ኮርቴስ ሁዋን ሃራሚዮ ለተባለ የጦር አለቃው ዳራት፤ ከእርሱም ማሪያን ወለደች። ማሊንጺን ከ1530 በፊት ሞታለች፤ ሠላሳ ዓመት ሞልቷት ከሆነ ነው። ማርቲን በልጅነቱ ወደ ስፔን ተወሰደ። ልብ ወለዶች እምብዛም የማይደርሱባት ማሪያ ግን ሜክሲኮ ቀረች፤ አድጋም ርስቷን ከአባቷ ሁለተኛ ሚስት ጋር በፍርድ ቤት ተሟገተች። በ1542 ወላጅ እናቷ ለስፔን ዘውድ ያበረከተችው አገልግሎት እንዲመዘገብ ጠይቃ፣ ማሊንጺንን የሚያውቁ ሰዎች እየቀረቡ ቃላቸውን ሰጡ። ጸሐፊው ምስክርነቱን አንድ በአንድ በስፔንኛ መዘገበው።