ፑል ሊስት ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ አዳዲስ ኮሚኮች፣ ማለትም በሥዕል የሚተረኩ መጽሔቶች፣ ለገበያ የሚቀርቡት ረቡዕ ረቡዕ ነው። ኒው ዮርክ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲል አዲስ አበባ ላይ እንደ ወቅቱ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ሰዓት ይሆናል፤ ከሥራ የወጣው ሰው አራት ኪሎና ፒያሳ ታክሲ ለመያዝ ተሰልፎ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ስልኩን የሚከፍት የኮሚክ ወዳጅ «የሳምንቱ ምርጦች» የሚሉ ዝርዝሮች ይጠብቁታል። የባትማን አዲስ ዕትም፣ የስፓይደርማን ሌላ ቁጥር 1፣ ከዚያም ሁልጊዜ የምትደገመው ምክር፦ «ይህችን ፑል ሊስታችሁ ውስጥ ማስገባት እንዳትረሱ።» ልዕለ ጀግኖችን ከሲኒማ ብቻ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ሆኖም የሳምንቱ ምርጫ ለምን እንዲያ እንደሚያጣድፍ የሚገባው ይህችን ነገር ሲያውቅ ነው።

ፑል ሊስት አንባቢው ኮሚክ ሱቅ ዘንድ የሚያስመዘግበው የተከታታይ ኮሚኮች ዝርዝር ነው። «እነዚህ በወጡ ቁጥር ከእያንዳንዱ አንድ ቅጂ አስቀምጡልኝ» ብሎ ስሙን ይሰጣል። ባለሱቁ የሳምንቱን ካርቶን ሲፈታ፣ መደርደሪያ ላይ ከማውጣቱ በፊት የእያንዳንዱን ደንበኛ ድርሻ ለይቶ በየስሙ ያስቀምጣል። ደንበኛው በተመቸው ቀን መጥቶ ከፍሎ ይወስዳል። አራት ኪሎ ያለ ጋዜጣ ሻጭ ለቋሚ ደንበኛው የረቡዕን ሪፖርተር አጥፎ ከሌላው ሥር እንደሚያቆይለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ተራ የደንበኝነት ጉዳይ ይመስላል። ነገሩን የሚያከብደው ከጀርባው ያለው የገንዘብ አካሄድ ነው።

ኮሚክ በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት የተሸጠው ከመጽሔትና ከጋዜጣ ጋር በየኪዮስኩ ነበር። ሱፐርማን የተወለደባት አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 በ1938 (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በ10 ሳንቲም የተሸጠችው በዚሁ መንገድ ነው። ያልተሸጠው ይመለሳል፣ ኪሳራውም የአሳታሚው ይሆናል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፊል ሲውሊንግ የሚባል የብሩክሊን መምህር፣ የኮሚክ ጉባኤዎችም አዘጋጅ፣ ለአሳታሚዎቹ ሌላ ሐሳብ አቀረበ፦ በተሻለ ቅናሽ በቀጥታ ስጡን፣ ያልተሸጠውን ግን አንመልስላችሁም። አሳታሚዎቹ ደስ ብሏቸው ተቀበሉ። ለምን አይቀበሉ? ኪሳራው ከእነሱ ትከሻ ወርዶ ባለሱቁ ላይ ተጫነ። ዛሬ በአሜሪካ ያሉት ኮሚክ ብቻ የሚሸጡ ሱቆች የበቀሉት ከዚያ ስምምነት ነው።

እንግዲህ ባለሱቁን አስቡት። ሃያ ቅጂ አዝዞ ስምንት ቢሸጥ አሥራ ሁለቱ ዕዳ ሆነው ይቀሩበታል። ስምንት አዝዞ ሃያ ሰው ቢመጣ ደግሞ አሥራ ሁለቱ ደንበኞች ሌላ ሱቅ ይሄዳሉ፣ ምናልባትም አይመለሱም። አሳታሚዎች የሚያወጡትን የሚያስተዋውቁት ሁለት ሦስት ወር ቀድመው ነው፤ የመጨረሻው የትዕዛዝ ቀን ደግሞ ኮሚኩ ከመውጣቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ይዘጋል። ከዚያ በፊት ስንት ሰው እንደሚፈልግ በእርግጠኝነት ሊነግረው የሚችል አንድ ወረቀት ብቻ አለ፤ ፑል ሊስት። ለአንባቢ ምቾት የተፈጠረች ትምሰል እንጂ ዋና ሥራዋ የባለሱቁን እንቅልፍ መጠበቅ ነው።

አንባቢው ላይ የሚደርሰው ግን ይገርማል፤ አንድ ገጽ እንኳ ሳያይ እንዲወስን ይጠየቃል። ረቡዕ ቀን ኮሚኩ መደርደሪያ ላይ ሲወጣ ቆጠራው አልቋል። አዲስ ተከታታይ ቀድሞ በቂ ትዕዛዝ ካላገኘ ታሪኩ ገና ሳይፋፋም ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ የሳምንቱን ምርጫ የሚጽፉት ሰዎች ሲያጣድፉ ሁልጊዜ የገበያ ጩኸት አይደለም፤ የሚወዱት ነገር እንዳይሞት ነው። እኔ ግን ያ ጥድፊያ ለአዲስ አበባ አንባቢ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ከብሔራዊ ቴአትር እስከ አራት ኪሎ ያሉ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ የልዕለ ጀግና ኮሚክ ከተገኘ በአብዛኛው ከውጭ በሻንጣ የመጣ አሮጌ ጥራዝ ነው፤ በስማችን የሚቀመጥ የረቡዕ ካርቶን የለም። የኛ ፑል ሊስት ስልክ ላይ ወይም ማስታወሻ ደብተር ላይ የምትጻፍ ናት፤ ማንንም ባለሱቅ አታድንም፣ ማንንም አታከስርም። ዋጋዋንም እንቁጠረው። አንድ ዕትም በአብዛኛው 3.99 ወይም 4.99 ዶላር ነው፤ ታሪኩ ደግሞ ሃያ ገጽ ገደማ፣ የአንድ ማኪያቶ ንባብ። በወር አምስት ተከታታይ በ4.99 ቢያዝ 25 ዶላር ሊሞላ አምስት ሳንቲም ይጎድለዋል። ዶላር ከመቶ ብር በላይ ከሆነ ወዲህ ይህ ከ2,500 ብር ይበልጣል፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ላለው። በሌላ በኩል ማርቭል አንሊሚትድ የሚባለው የማርቭል (የስፓይደርማን አሳታሚ) የዲጂታል አገልግሎት በወር ክፍያ የሚያስነብበው ኮሚኮቹን ከታተሙ ሦስት ወር ገደማ አቆይቶ ነው። አሜሪካዊው አንባቢ መዘግየት የሚለው ለእኛ ጥቅም ነው፤ በሦስት ወር ውስጥ የቱ ተከታታይ እንደጸና፣ የቱ ከመጀመሪያው ዕትም በኋላ እንደተልፈሰፈሰ ተለይቶ ይታወቃል።

ታዲያ ምን ይመረጥ? መጀመሪያ ጀግናውን ትታችሁ ጸሐፊውንና ሠዓሊውን እዩ። ባትማን በየወሩ በበርካታ ኮሚኮች ይወጣል፤ ሁሉም ባትማን ናቸው፣ ሁሉም ግን አይነበቡም። ስሙን የሚያቆመው ከሽፋኑ ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈው ሰው ነው። የምትወዱት ጸሐፊ ከአንዱ ተከታታይ ሲለቅ ዝርዝራችሁ ላይ ያለውን ርዕስ ሰርዙና እሱን ወደ ሄደበት ተከተሉት። ብዙ አንባቢ የሚሳነው ይህ ነው። ስፓይደርማንን ከልጅነቱ ስለወደደ ብቻ ዓመት ሙሉ ያልጣመውን ታሪክ ሲገዛ ይኖራል።

ቁጥር 1 የሚለው ጽሑፍም አያታልላችሁ። አዲስ ቁጥር 1 ትዕዛዝ ስለሚያበዛ አሳታሚዎች አንዱን ተከታታይ ደጋግመው እንደገና ይጀምሩታል፤ ዋናው የስፓይደርማን ተከታታይ ከ1999 ወዲህ ብቻ ስንቴ ወደ 1 እንደተመለሰ ለመቁጠር ጣት ያስፈልጋል። ቁጥሩ ሲታደስ የታሪኩ ሸክም አብሮ አይወርድም። በእርግጥ ከባዶ የሚነሱት የተለዩ ናቸው። የባትማን አሳታሚ ዲሲ በጥቅምት 2024 የጀመረው አብሶሉት ባትማን፣ በስኮት ስናይደር ተጽፎ በኒክ ድራጎታ የተሣለው፣ ሀብት የሌለው ብሩስ ዌይን ይዞ ይመጣል፤ ቪላም ሎሌም የለውም፣ እናቱ ግን በሕይወት አለች። ስለ ባትማን የሰማችሁትን ሁሉ ረስታችሁ ብትገቡ ምንም አይጎድልባችሁም። በዚያው ወር የተከተለችው አብሶሉት ዎንደር ዉማን (ጽሑፉ የኬሊ ቶምፕሰን፣ ሥዕሉ የሄይደን ሸርማን) በእኔ ዓይን ከእሱም ትሻላለች፤ ጀግናዋ ያደገችው በነባሩ ታሪኳ ካለችው የሴቶች ደሴት ርቃ ሲኦል ውስጥ ነው፣ ልቧ ግን አልከፋም። በማርቭል በኩል በጥር 2024 የወጣው የጆናታን ሂክማን አልቲሜት ስፓይደርማን አለ፤ ፒተር ፓርከር ኃይሉን የሚያገኘው ጎልምሶ፣ አግብቶ፣ ሁለት ልጆች ወልዶ ነው። የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ የሚያሳስበው አንባቢ ይህን ፒተር ቶሎ ይቀርበዋል።

ቫሪያንት ሽፋኖችን እለፏቸው። ታሪኩ ያው ሆኖ ሥዕሉ የተለየ ሽፋን ነው፣ የሚጠቅመው ሰብሳቢን ነው። በብዙ ተከታታይ ላይ ተበትነው አሥሩን ካላነበባችሁ አይገባችሁም የሚሉ ታላላቅ ታሪኮችንም እንዲሁ፤ ጥሩ ከሆኑ በኋላ በጥራዝ ይገኛሉ።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር ልበል። ዲሲ በ2020 ከነባሩ አከፋፋይ ከዳይመንድ ተለይቶ ኮሚኮቹን ማክሰኞ ማክሰኞ ማውጣት ጀምሮ ነበር፤ በሐምሌ 2024 ወደ ረቡዕ ተመለሰ። እኛ ዘንድ ረቡዕ ጾም ነው፣ ለኮሚክ አንባቢ ግን ፍስክ።

የአገር ቤቱን ልዕለ ጀግና ዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት የሚፈልግ ደግሞ በ2018 የታተመው ጀምበር አለለት፤ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ወጣት ድንገት ኃይል ያገኛል። የአሜሪካኖቹን የረቡዕ ሰዓት አይከተልም፣ ስለዚህ ፑል ሊስት ላይ ቢጻፍ የወር ዕትም እንዳይጠበቅበት።

ለጀማሪ ሦስት ርዕስ ይበቃል። የእኔን ከጠየቃችሁ አብሶሉት ዎንደር ዉማን፣ አልቲሜት ስፓይደርማንና ጀምበር ናቸው። አራተኛ ስትጨምሩ ከሦስቱ የትኛውን ለመጨረስ እንደምትጎተቱ ጠይቁና እሱን አውጡ። ሦስተኛ ዕትሙን ጨርሳችሁ አራተኛውን ካልናፈቃችሁ፣ ስድስተኛው ላይ ይሻላል የሚል ወዳጅ ቢኖራችሁም እንኳ ሰርዙት።