ፕሪሪኩዚት ምንድን ነው? ለመካኒካል ዲዛይን ተማሪ

ፕሪሪኩዚት ማለት አንድ ኮርስ ለመውሰድ ቀድመህ ማለፍ ያለብህ ሌላ ኮርስ ነው። ስታቲክስን (የቆመ አካል ላይ ያሉ ኃይሎች የሚሰሉበትን) ሳታልፍ ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ (ዕቃው ጭነቱን ይችል እንደሆነ የሚሰላበት) አትመዘገብም። ስትሬንግዝን ሳታልፍ ማሽን ኤለመንት (የማሽን ክፍሎች ዲዛይን) አትገባም። ትርጉሙ ይኸው ነው። ግን በስንት ዓመት እንደምትመረቅ ከክሬዲቱ ብዛት ይልቅ የሚወስነው ይሄ ሰንሰለት ነው።

ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያለ የመካኒካል ተማሪ ስለዚህ ነገር ሳያስብ ብዙ ሊቆይ ይችላል። አይፈረድበትም። እኛ አገር ኮርስ የሚመርጠው ተማሪው አይደለም። ዲፓርትመንቱ ያወጣው የኮርስ ብሬክዳውን፣ ማለትም የቱ ኮርስ በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጥ የሚያሳይ ዝርዝር፣ አለ። ባቹ (አብሮህ የገባው የተማሪ ቡድን) አብሮ ይመዘገባል፣ አብሮ ይማራል፣ አብሮ ይፈተናል። የቱ ከየቱ ይቀድማል የሚለውን ሌሎች አስበው ጨርሰውልሃል። ጣጣው የሚመጣው ከባችህ የተነጠልክ ቀን ነው። አንድ ኤፍ፣ በሕመም ዊዝድሮ ማድረግ (ትምህርት ማቋረጥ) ወይም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ይበቃል። ከዚያ በኋላ ብሬክዳውን የምትሠራው ራስህ ነህ።

አሜሪካ ቢሆን ይሄ ሥራ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ የተማሪው ነው። እዚያ መካኒካል ዲዛይን ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ የሚባል ዲግሪ አለ። ተማሪው ከአማካሪው ጋር ተነጋግሮ ኮርሶቹን በየሴሚስተሩ ይደለድላል። (በነገራችን ላይ፣ ለውጭ ትምህርት የምታመለክት ከሆነ “ቴክኖሎጂ” የምትለዋን ቃል አትለፋት። ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ከኢንጂነሪንግ ዲግሪ ይለያል። ቲዎሪው ቀለል፣ ላብራቶሪውና ተግባሩ ጠንከር ይላል። ኤቤት የሚባለው እውቅና ሰጪም ሁለቱን በተለያየ ኮሚሽን ነው የሚመዝናቸው።)

ኮርሶቹ ለምን እንዲህ እንደተሳሰሩ ለማየት አንድ ሻፍት (ኃይል የሚያስተላልፍ የሚሽከረከር ዘንግ) ይበቃል። ጅማ ውስጥ በየሰፈሩ ካለው የእህል ወፍጮ አንዱን እንውሰድ። ሞተሩ 7.5 ኪሎዋት ነው፣ በደቂቃ 1440 ዙር ይዞራል እንበል። ቺንጋው ወደ 480 ዙር ያወርደዋል። በመንገድ ላይ የሚባክነውን ከተውነው፣ ዙሩ ለሦስት ሲካፈል ቶርኩ (የማዞር ጉልበቱ) በሦስት ይባዛል። ከ50 ኒውተን ሜትር ገደማ ወደ 150 ይሄዳል ማለት ነው። ታዲያ የወፍጮው ሻፍት ስንት ሚሊሜትር ይሁን?

ቶርኩን ብቻ አስበህ፣ የሚፈቀደውን ሺር ስትረስ (ብረቱ ሲጠመዘዝ ውስጡ የሚፈጠረውን ጫና) 40 ሜጋፓስካል አድርገህ ብታሰላ 27 ሚሊሜትር ገደማ ይወጣልሃል። ይሄ የስትሬንግዝ ሒሳብ ነው፣ አንድ መስመር። ሻፍቱን በዚህ ልክ ብታስቆርጠው ግን ብዙ ላይቆይ ይችላል። ምክንያቱም ቺንጋው ሻፍቱን ማዞር ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይስበዋል። ሻፍቱን ደግፈው የያዙት ሁለቱ ቤሪንጎች እያንዳንዳቸው ስንት ይሸከማሉ? እሱ ስታቲክስ ነው። ሻፍቱ በጣም የሚጎብጠው የቱ ጋ ነው? እዚህ የቤንዲንግ ሞመንት (ሻፍቱን የሚያጎብጠው ጉልበት) ሥዕል ትሠራለህ። ገና አልጨረስክም። ሻፍቱ ጎብጦ ስለሚዞር፣ ላዩ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ በእያንዳንዱ ዙር አንዴ ትለጠጣለች፣ አንዴ ትጨመቃለች። በደቂቃ 480 ጊዜ። ወፍጮው በቀን 8 ሰዓት ቢፈጭ በአምስተኛው ቀን 1 ሚሊዮን ያልፋል። አንዴ ቢጫንበት ንቅንቅ የማይለው ብረት ሲደጋገምበት ይሰነጠቃል። ፋቲግ የሚባለው ይሄ ነው፣ የምታገኘውም ማሽን ኤለመንት ላይ ነው። ፑሊውን (ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ጎማ) ከሻፍቱ ጋር የሚይዘው ቁልፍ የሚገባባት ቦይ ጋ ደግሞ ስትረሱ ይከማቻል። ስንጥቁም ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ዓይነት ቦታ ነው የሚነሳው።

እንግዲህ የቤሪንጎቹን ሸክም ከተሳሳትክ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ገደል ገባ። ስለዚህ ስታቲክስን በዲ ገፍቶ ያለፈ ልጅ ሬጅስትራርን እንጂ ሻፍቱን አላለፈም። በእኔ እምነት በእንዲህ ዓይነት ኮርስ ላይ “ዋናው ማለፍ ነው” የሚባለው የዶርም ምክር ጉዳት አለው። ለአንዳንድ ኮመን ኮርስ ይሠራ ይሆናል።

አሁን ወደ ፕላኑ። ስታቲክስ፣ ስትሬንግዝ፣ ማሽን ኤለመንት 1፣ ማሽን ኤለመንት 2፣ ማሽን ዲዛይን ፕሮጀክት። አምስት ኮርስ ናቸው። አንዱ አንዱን ስለሚጠብቅ አምስት ሴሚስተር ይፈጃሉ። በጎን ከዳይናሚክስ ወደ ሜካኒዝም፣ ከዚያ ወደ ቫይብሬሽን የሚሄድ ሌላ መስመር አለ። ከቴርሞዳይናሚክስና ከፍሉይድ ወደ ሂት ትራንስፈር የሚሄድም አለ። ዝርዝሩ ከካሪኩለም ካሪኩለም ይለያያል፣ ጠባዩ ግን አንድ ነው።

ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ስታቲክስ ላይ የመጣ ኤፍ አንድ ሴሚስተር ሳይሆን ሁለት ይበላል። ከኋላው ያሉት አራቱም አብረው ይንሸራተታሉ። ምንም ኮርስ ያልተንጠለጠለበት ኢኮኖሚክስ ላይ የመጣ ኤፍ ግን፣ ክፍት ቦታ ካገኘህለት፣ የምረቃ ቀንህን ላይነካ ይችላል። ግሬድ ሪፖርቱ ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ፊደል ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት ነገር አለ። አንድ ኮርስ ሲወድቅባቸው ለማካካስ ብለው በሚቀጥለው ሴሚስተር አድ እያደረጉ (ተጨማሪ ኮርስ እየተመዘገቡ) ይጭናሉ። ሰባት ኮርስ ብትጭን ሰንሰለቱ አያጥርም። የሚያሳጥረው ክረምት ላይ ያ ኮርስ ከተከፈተ፣ ወይም ካሪኩለሙ ሁለቱን ጎን ለጎን እንድትወስድ ከፈቀደ ብቻ ነው። ይሄኛው ኮሪኩዚት ይባላል። የሰባት ኮርሱ ሸክም ግን ያለችህንም ግሬድ ሊያወርድብህ ይችላል።

ስለዚህ ፕላኑን ከመጨረሻው ጀምር። ወረቀት አውጣ፣ የመጨረሻውን ሴሚስተር ዳር ላይ ጻፍ፣ ዲዛይን ፕሮጀክቱን አስቀምጥ። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄድክ “ለዚህ የሚቀድመው የቱ ነው?” እያልክ ቀስት ሥራ። ኢንተርንሺፑ አንድ ሙሉ ሴሚስተር የሚወስድ ከሆነ ያንን ሳጥን ባዶ ተወው፣ ኮርስ አታስገባበት። ከእያንዳንዱ ኮርስ ጀርባ ስንት ቀስት እንዳለ ቁጠር። ብዙ የተንጠለጠለበት መጀመሪያ ቦታ ይያዝለት። ኢሌክቲቭና ኮመን ኮርስ በተረፈው ክፍተት ይገባሉ። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ቀላሉን አስቀድሞ ከባዱን ያሳድራል።

ወረቀቱን ለአድቫይዘርህ የምታሳየው ከምዝገባ በፊት ነው፤ አድና ድሮፕ (ኮርስ የሚጨመርበትና የሚቀነስበት ጊዜ) ካለፈ በኋላ እሱም ብዙ ማድረግ አይችልም። ፕሪሪኩዚት ይታለፍልኝ ብለህ ከተፈቀደልህም ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበልና ኮፒውን ያዝ። በቃል “ግባ፣ ተማር” መባል ስምህ ሬጅስትራር ሊስት ላይ አለ ማለት አይደለም።